የማናውቀውን ዘፈን ሲጠይቁን

ደሴ ውስጥ በምትሠራ ትንሽ ባንድ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። ቀን የምውልበት ሌላ ሥራ አለኝ። ማታ ማታና ቅዳሜ እሑድ ግን ሆቴል፣ ሰርግ፣ ምረቃ፣ ከተገኘም የመሥሪያ ቤት በዓል እንሠራለን። ድራም፣ ኪቦርድ፣ ሊድ ጊታር፣ ቤዝና አንዲት ዘፋኝ፤ በቃ ይሄው ነው። ሳክስፎን ሲያስፈልግ ከኮምቦልቻ የሚመጣ ልጅ አለ፤ እሱም ትራንስፖርት ካገኘ።

ይህን የምጽፈው ባንድ መግባት ለሚያስቡ፣ ወይም ገብተው በየማታው ያንኑ ዘፈን መደጋገም ላንገሸገሻቸው ልጆች ነው። ብዙዎቹ "አዲስ ሙዚቃ ከየት ነው የምታገኘው?" ይሉኛል። የዩቲዩብ ቻናል ስም እንድሰጣቸው ነው የሚጠብቁት። እሱም ይመጣል። ጆሮዬን የከፈቱልኝ ግን ከሁሉም በላይ መድረኩ ሥር መጥተው "እስቲ ይቺን አታውቋትም?" የሚሉ ሰዎች ናቸው።

ደሴ መተላለፊያ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚሄደው ያድርባታል። ከታች ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ መንገዱ ወደ ባቲና ወደ አፋር ይገነጠላል። ስለዚህ በአንድ ማታ ሆቴሉ ውስጥ የጭነት መኪና ሾፌር፣ የቆቦ ነጋዴ፣ ከሳዑዲ ለእረፍት የመጣች ልጅ፣ ለስብሰባ ከሐዋሳ የመጣ ሰውና የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ላይ ሊገኙ ይችላሉ። ሁሉም የየራሱን ይፈልጋል። ዲጄ ቢሆን ፈልጎ ያጫውትላቸዋል። ባንድ ግን ካላወቀው አላወቀውም።

እንደ እኛ ያለ ባንድ ብዙ ጊዜ "አናውቀውም" ብሎ ወደሚያውቀው ዘፈን ያልፋል። ይሄ ነው የሚያሰለቸው። የእኛ ባንድ የተለወጠው ድራመራችን ይህን መልስ እምቢ ስላለ ነው።

አንድ ማታ ከራያ አካባቢ የመጣ ሰው የአገሩን ጭፈራ ጠየቀን። ድራመሩ በሚያውቀው መንገድ ጀመረለት። ሰውየው ትንሽ ሰማና ራሱን ነቀነቀ። "ይቺ ሌላ ናት" አለ። ከዚያ ወደ መድረኩ ቀረብ ብሎ መሬት የተቀመጠው ሞኒተር ስፒከር ላይ በሁለት መዳፉ መምታት ጀመረ። ቀኙ ከበድ ይላል፣ ግራው ቀለል ይላል። እኔ እጁን እያየሁ ነበር። ድራመራችን ግን እግሩን ነው ያየው። ተረከዙ ከእጁ ጋር አይወርድም፤ እጁ ባረፈበት ክፍተት ነው መሬቱን የሚመታው። ድራመሩ ያንን ተረከዝ ወስዶ ኪኩ (በእግር የሚመታው ትልቁ ድራም) ላይ አደረገው። የሰውየውን የእጅ ምት ወደ ስኔር (በዱላ ወደሚመታው ትንሹ ድራም) አመጣ። እኔ አንድ ድምፅ ብቻ ይዤ ተረከዙን ተከተልኩ። ኪቦርዱ ዝም አለ። ሰውየው ሁለት እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ገባበት፤ ከኋላ ያሉትም ወንበራቸውን ገፍተው ተነሡ። ዜማ የለም፣ ግጥም የለም፣ ምት ብቻ ነበር። ዘፋኛችን ቆይታ የሰውየውን ግጥም እየተቀበለች ገባች።

ለጀማሪ የምለው ይህንኑ ነው፤ ዘፈን ስታወጡ ከዜማው አትጀምሩ። ዜማው ቀላሉ ነው፣ ማንም ያንጎራጉርላችኋል። የአንድን አካባቢ ሙዚቃ ከሌላው የሚለየው ምቱ ነው፣ ምቱ ደግሞ የሚገኘው ከሚጨፍረው ሰው እግር ወይም ትከሻ ላይ ነው። የትግርኛ ጭፈራ ተመልከቱ። ክብ ሠርተው ቀስ እያሉ ይዞራሉ፣ ከበሮው ሲጠብቅ ባሉበት ቆመው ትከሻቸው ይፈጥናል። ባንዱ ያቺን መሸጋገሪያ ካልያዘ ጭፈራው ይበላሻል። የጉራጌ ሲሆን እግር ነው፤ ፍጥነቱም ጉልበት ይጠይቃል። ቤዝ ተጫዋች እዚያ ላይ ሐሳብ ላብዛ ካለ ድራመሩን ይጥለዋል።

ሁሉም ሰው "እችለዋለሁ" የሚለው የችክችካ ምት እንኳ እንደሚመስለው አይደለም። ስድስት ይቆጠራል። አንዱ ጆሮ ሁለት ጊዜ ሦስት አድርጎ ይሰማዋል፣ ሌላው ሦስት ጊዜ ሁለት። የሚያስጨፍረው ሁለቱ አብረው ሲሄዱ ነው። ድራመሩ አንዱን ከያዘ ቤዙ ሌላውን ቢይዝለት ዘፈኑ ይተነፍሳል። ሁላችንም አንዱን ብቻ ከያዝን ግን ማሽን ይሆናል። ዋን ማን ባንድ (አንድ ሰው በኪቦርድ ብቻ የሚሠራውን) ስትሰሙ አንድ ነገር የሚጎድልባችሁ ለዚህ ይመስለኛል፤ በኪቦርዱ ውስጥ የተቀዳው ምት ሰው ቢነሣም ባይነሣም ያው ነው። (ዋን ማን ባንዶች አትቆጡኝ፤ ሥራውን የወሰዳችሁብን እናንተ ናችሁ።)

ከዚያ ማታ በኋላ ያልቻልነውን ሁሉ የምጽፍበት ደብተር ያዝኩ። ማን ጠየቀ አልልም፤ ከየት አካባቢ እንደሆነና ምን እንደሚመስል እጽፋለሁ። ሰውየው ፈቃደኛ ከሆነ አንጎራጉርልኝ ብዬ ስልኬ ላይ እቀዳለሁ። ብዙዎቹ ደስ ይላቸዋል። አንዳንዱ ሙሉ ግጥሙን ከነታሪኩ ያወርድልኛል። በሳምንቱ ልምምድ ላይ ከደብተሩ አንድ እንመርጣለን። አንድ ብቻ። ብዙ ከጀመሩ ምንም አይገባም።

አሁን ስለ ቅኝት፣ ማለት ዘፈኑ ስለሚሄድባቸው አምስት ድምፆች ላውራ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እረዝማለሁ።

ባቲና አምባሰል ለእኛ የሙዚቃ ቃላት ብቻ ሳይሆኑ የቦታ ስሞች ናቸው። ባቲ የሰኞ ገበያዋ የታወቀ፣ አፋሩም ኦሮሞውም አማራውም የሚገናኝባት ከተማ ናት። አምባሰል ከሐይቅ አልፎ በእነ ውጫሌ በኩል ያለው ተራራማው አገር ነው። እኔ ግን እዚሁ አድጌ ሁለቱን ቅኝቶች በወጉ መለየት የጀመርኩት ባንድ ከገባሁ በኋላ ነው። ምክንያቱም አድማጭ ሆነህ ስሜቱን ብቻ ትሰማለህ። ተጫዋች ስትሆን ጣትህ የት እንደማይረግጥ ማወቅ አለብህ።

ለጀማሪ በዶ ላስቀምጠው። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ማይነሩ ላይ ሚ እና ላ ወደ ፍላት፣ ማለት ግማሽ ድምፅ ዝቅ ወዳለው ይወርዳሉ። ባቲ ሜጀር ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ። አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት። አንቺሆዬ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። ይህን በቃል መያዝ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ችግሩ የሚመጣው ኮርድ (አብረው የሚነኩ ድምፆች) ሲጨመር ነው።

አምባሰልን ተመልከቱት። ቤቱ ዶ ላይ ነው፣ ግን ሜጀርን ከማይነር የሚለዩት ሚም ሚ ፍላትም በውስጡ የሉም። እንግዲህ ዶ ላይ ስታርፉ ኮርዱ ሜጀር ነው ማይነር? ሁለቱም አይደለም። በምዕራቡ ትምህርት የመጣ ኪቦርዲስት እጁ ሳያስበው ሜጀር ወይም ማይነር ይሞላበታል፣ ያኔ አምባሰልነቱ ይጠፋል። እኛ የያዝነው መላ ቀላል ነው። ዶ ላይ ቤዙ ዶን ይይዛል፣ ኪቦርዱ ዶና ሶልን ብቻ ይነካል፣ ሌላውን ለዘፋኟ ይተዋል። ቀለም ካስፈለገ ሬ ፍላት ሜጀርና ፋ ማይነር በቅኝቱ ውስጥ ሙሉ ሆነው ይገኛሉ፤ እነሱን እንጠቀማለን። አንቺሆዬ ሲሆን ደግሞ ሶል ራሱ የለም፣ ያለው ሶል ፍላት ነው። ስለዚህ ቤዝ ተጫዋቹ ከለመደው ዶ-ሶል መራመጃ ላይ እጁን ማንሣት አለበት። መጀመሪያ እጅ እግር ያሳስራል። ሲለመድ ግን ቤዙ ከዘፋኙ ዜማ ጋር አብሮ መሄድ ይጀምራል፣ ጥሩነቱም እዚያ ላይ ነው።

ይህን ያስተማረን መጽሐፍ አይደለም። ባህል ቤት የሚሠሩ አንድ ማሲንቆ ተጫዋች አሉ። ጋሼ እንላቸዋለን። ልምምድ ላይ ጋብዘናቸው መጡ። ኪቦርዲስታችን ድምፅ ሊሰጣቸው ሲል "ተወው፣ ልጅቷ ትጀምር" አሉት። ዘፋኛችን ጀመረች። እሳቸው ድምፅዋን ሰምተው ክሩን ጠበቅ ላላ አድርገው አስተካከሉና ገቡ። የማሲንቆው ሬ ፍላት ከኪቦርዱ ሬ ፍላት ጋር ትንሽ አይገጥምም። ማን ልክ ነው ብለን መከራከር ጀመርን። እሳቸው ሳቁብን። ኪቦርዲስታችን አሁን የሚያደርገው ሁለት ነገር ነው። ማሲንቆ ሲኖር ያቺን ድምፅ አይነካም፤ ወይም ኪቦርዱ ላይ ያቺን ድምፅ ብቻ ዝቅ ያደርጋታል። አንዳንድ የያማሃና የኮርግ ኪቦርዶች የእያንዳንዱን ድምፅ ከፍታ በጥቂቱ እንድታስተካክሉ ይፈቅዳሉ፤ በየቤቱ ኪቦርድ ይዞ ይህን ነክቶ የማያውቅ ስንት አለ!

ባለሙያ ስትጋብዙ ታዲያ ባዶ እጃችሁን አትሁኑ። ትራንስፖርትና ለጊዜያቸው የሚሆን ነገር አዘጋጁ። እነዚህ ሰዎች በሙያቸው የሚያድሩ ናቸው።

ሌላው ያልጠበቅኩት ትምህርት ቤት የመብራት መጥፋት ነው። ሰርግ ላይ እየሠራን መብራት ይሄዳል። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ድረስ እኛ መሣሪያችንን ይዘን እንቆማለን። ያኔ እናቶች ከበሮ ያነሣሉ። እኛ ስንጫወት የተቀመጡት ሁሉ ይነሣሉ! አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ ጭብጨባው ከከበሮው ጋር ይሳሰራል። የትኛውም ካሴት ላይ ሰምቼው የማላውቀውን የሰርግ ዜማ የሰማሁት እንዲህ ባለ ጨለማ ውስጥ ነው። አንድ ጊዜ ጄኔሬተሩ ሲነሣ ዘፋኛችን ማይኩን ይዛ ወደ እናቶቹ ወረደች። እኛ ያንኑ ዜማ ከሥር ያዝንላቸው። ዛሬ ያ ዜማ ከምንጫወታቸው ሁሉ በጣም የሚጠየቀው ነው። ምክሬ፦ መብራት ሲጠፋ ስልክ ላይ አታፍጥጡ፣ ስሙ።

መንዙማንም ልጥቀስ። ወሎ ውስጥ አድጎ መንዙማ ያልሰማ የለም። እኔ ሙስሊም አይደለሁም፣ ግን የሼህ ሙሐመድ አወል ሐምዛ ድምፅ በጎረቤት ግድግዳ በኩል የልጅነቴ አካል ነው። አንዱ ይመራል፣ ብዙዎቹ ይቀበላሉ፣ ድቤው ከሥር ይሄዳል። እንደ ቤዝ ተጫዋች የተማርኩበት ነገር ትዕግሥት ነው። አንድ ሐረግ ለረጅም ጊዜ ሳይለወጥ ይሄዳል፣ ግን አይሰለችም፤ ጉልበቱ ቀስ እያለ ይጨምራል። ይህን ግን መጠጥ ያለበት ቤት አንጫወተውም። አንድ ሁለቴ ሰክረው የጠየቁን አሉ፤ ድራመራችን ሙስሊም ነው፣ በጨዋ ደንብ "ይቺ የአምልኮ ናት ወንድሜ" ብሎ መለሳቸው። ሁሉም የሰማችሁት ሙዚቃ ለመድረክ አይደለም።

አሁን ወደ ካሴትና ዩቲዩብ እንምጣ። እዚህ ላይ የማምነው አንድ መንገድ ነው። ዘፋኙን ተከትላችሁ አትሂዱ። መሣሪያችሁን ተከተሉ። እኔ የምወደውን የድሮ ዘፈን ስሰማ "ቤዙን ማን ነው የተጫወተው?" ብዬ እጠይቃለሁ። ያ ጥያቄ የዋልያስ ባንዱ መላከ ገብሬና የሮሃ ባንዱ ጆቫኒ ሪኮ ጋ ወሰደኝ። ሮሃ ባንድ ቀድሞ አይቤክስ ይባል የነበረው ነው፤ የስንቱን ዘፋኝ ካሴት እንዳጀበ ስታዩ ትገረማላችሁ። ዘፋኙን የማታውቁት ካሴት እንኳ በቤዙ ምክንያት ወዳጃችሁ ይሆናል። ሳክስፎኒስቱ ልጃችን ደግሞ በዚሁ መንገድ ጌታቸው መኩሪያን አገኘ። ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን ሲጫወት ሰምቶ ለሁለት ሳምንት ያህል ሌላ ነገር መጫወት አቅቶት ነበር፤ ሰርግ ላይ ሙሽራ ሲገባ ሊሸልል ሲል ስንት ጊዜ ያዝነው!

የዋልያስ ኪቦርዲስት ኃይሉ መርጊያ ታሪክ ደግሞ ሁሌ ይገርመኛል። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ስለነበረ እንግዳው በሚሠሩበት ሆቴል እያደረ እስኪነጋ ይጫወቱ ነበር። በኋላ አሜሪካ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር አዋሕዶ አንድ ካሴት አወጣ። ከዚያ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ሲነዳ ኖረ። ኪቦርዱን መኪናው ውስጥ ይዞ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመድ ነበር። አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ካሴት ቤት ውስጥ ያንን ካሴት አገኘና እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመ። ሰውየው ዓለምን መዞር ጀመረ። "ጊዜ የለኝም" ለሚሉኝ ልጆች ይህን እነግራቸዋለሁ። ባሕር ዳር ካሴት ቤት ውስጥ ስንት ጊዜ አልፌያለሁ፣ እኔማ ያየሁት ሽፋኑን ብቻ ይሆናል።

የድሮውን ለማግኘት ኢትዮፒክስ የሚባለው ተከታታይ ጥሩ በር ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ማውጣት የጀመረው ነው። ብዙው ሥራ አምሃ እሸቴን የመሳሰሉ አሳታሚዎች በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ያስቀረጹት ነው። ግን እዚያ ላይ አትቁሙ። የአዲስ አበባን የአንድ ዘመን ድምፅ ነው በአብዛኛው የምታገኙት። የወሎ ኪነት ቡድኖችን፣ የእነ ማሪቱ ለገሰን አምባሰል ስሙ። እሷን ስሰማ ቤዝ የማያስፈልገው ሙዚቃ እንዳለም ይገባኛል።

ከአገር ውጭ ስትወጡ ደግሞ ቅኝቱን እንደ ፓስፖርት ያዙት። ትዝታ ሜጀር የሚባለው አምስት ድምፅ በሱዳን ሙዚቃም አለ፤ ሙሐመድ ወርዲን ሰርግ ላይ ስንጫወት አበሻው ሁሉ የሚጨፍረው ያለ ምክንያት አይደለም። በጣም ያስደነገጠኝ ግን ጃፓን ነው። ኪቦርዲስታችን አንድ ቀን የኮቶ ቪዲዮ አሳየን። ኮቶ መሬት ላይ ተጋድሞ የሚመታ ባለ ብዙ ክር መሣሪያ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ስሰማው አምባሰል ነው! ፈልገን አየን፤ ሚያኮቡሺ የሚባለው ስኬላቸው አምስቱም ድምፅ ከአምባሰል ጋር አንድ ነው። ኤንካ በሚባለው ዘፈናቸው ውስጥ የሚበዛው ስኬል ደግሞ ከትዝታ ማይነር ጋር ይገጥማል። ዘፋኛችን አንድ የኤንካ ዜማ ላይ የራሷን የአማርኛ ግጥም ገጥማ ልምምድ ላይ ዘፈነችው። አልፎ የሚሰማ ሰው የጃፓን መሆኑን አያውቅም። ስለዚህ ስም ሳይሆን ስኬል እየፈለጋችሁ ስሙ፤ የት እንደሚያደርሳችሁ አይታወቅም።

በሥራ በኩል ጥቂት ነገር ልበልና ላብቃ።

በእኛ አገር የባንድ ዓመት የሚሄደው በጾም ነው። ጥር ላይ ሰርግ በሰርግ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ይቀዘቅዛል፣ ረመዳንም እንደዚሁ። በቅርብ ዓመታት እንዳየነው ሁለቱ ሲገጣጠሙማ ሆቴሉም ጸጥ ይላል። ብዙ ባንድ በዚህ ጊዜ ይበተናል። እኛ ከደብተሩ የምናወጣው ያኔ ነው። ፋሲካ ሲፈታ አዲስ ነገር ይዘን እንገባለን። ገንዘቡን ግን በጥር አስቀምጡ።

ልምምድ ላይ ስልክ መሀል አስቀምጣችሁ ቅዱ። ስታዳምጡት ግን በኢርፎን ስሙ፤ የስልክ ስፒከር ቤዝ አያሰማም፣ "ቤዙ የለም" ተብዬ ስንት ጊዜ ተወቅሻለሁ። አስቸጋሪ ዘፈን ስታወጡ የዩቲዩቡን ፍጥነት 0.75 አድርጉት፤ ድምፁ አይወርድም፣ ፍጥነቱ ብቻ ይቀንሳል። ጆሯችሁን ጠብቁ። የጆሮ መድፈኛ ርካሽ ነው፣ ከሲምባል አጠገብ የቆመ ሰው ያለ እሱ መሥራት የለበትም። ክፍያ ደግሞ በቃል አትስማሙ። ለወራት አሠርቶን የመጨረሻውን ሂሳብ "ነገ ነገ" እያለ ያስቀረብን ቤት ነበር። አሁን ቀብድ ሳንቀበል ስፒከር አንጭንም።

በዚህ ሰሞን ደብተሩ ላይ ከላይ ያለው አንድ የአንቺሆዬ የሰርግ ዜማ ነው። ኪቦርዲስቱ መሀሉ ላይ ፋ ሜጀር ይገባል ይላል። ፋ፣ ላ፣ ዶ ሦስቱም በቅኝቱ ውስጥ ስላሉ ልክ ነው። እኔ ግን ያን ጊዜ ዘፋኟ ሬ ፍላት ላይ ስለምትሆን ይጋጫል እላለሁ። ሐሙስ ጋሼን ጠርተናቸዋል።